ፍሪጅ ውስጥ የገባው ትኩስ ድስት

በሰፈሩ ውስጥ ፍሪጁ የተበላሸበት ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ በረዶው ነው። በረዶው የቅጽል ስሙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ በመሆኑ ሰዉ ስሙን አወጣለት፤ እሱም ሳይጠላው አብሮት አረጀ። ሱቁ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀች ጠባብ ክፍል ናት። ደጃፏ ላይ በራቸው የተነቀለ ፍሪጆች ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፤ ውስጧ የጋዝ ሲሊንደር፣ የመዳብ ቱቦ ጥቅልልና አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ በርጩማ አለ። በርጩማው የደንበኛ ነው። በረዶው ቆሞ ነው የሚሠራው።

ፍሪጅ ሲመጣለት መፍቻ ከማንሳቱ በፊት መዳፉን በፍሪጁ ሞተር፣ በኮምፕሬሰሩ ላይ ያሳርፋል፤ የታመመ ልጁን ግንባር የሚዳስስ አባት ይመስላል። ጥቂት ያዳምጣል። ከዚያ አንድ ቃል ይናገራል፤ «ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም»። አያዋጣም ካለ ባለቤቱ እግሩ ላይ ቢወድቅም አይነካውም። ገንዘብህን ይዘህ ሂድ፣ ጨምርበትና ሌላ ግዛ፣ ብሎ ይሸኘዋል። ሚስቱ በዚህ ነገሩ ስትቀልድበት፣ ባለሙያ ሁሉ በእጁ ሲበላ የኔው ሰውዬ በአፉ ይከስራል ትላለች። ያም ሆኖ ሰው ሁለተኛ ፍሪጁን ይዞ ወደሱ የሚመለሰው ለዚሁ አፉ ሲል ነበር።

ሌላም የታወቀበት ነገር አለ። ጠግኖ ሲያስረክብ ጣቱን ቀስሮ ያስጠነቅቃል፤ ትኩስ ድስት ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገቡ። ፍሪጅ የበረደውን ይጠብቃል እንጂ እሳት አያጠፋም፣ ትኩስ ነገር ካስገባችሁበት ማረፊያ አጥቶ ሲሮጥ ይሞታል፣ ይላል። የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ ድምፁን እያስመሰሉ ይቀልዱበታል።

እንዲህ ሲል ሲል ወገቡ ከዳው። ድሮ ፍሪጅ በጀርባው አዝሎ ደረጃ ይወጣ የነበረ ሰው፣ አጎንብሶ ቀና ለማለት ግድግዳ መያዝ ጀመረ። ሥራውም እንደ ወገቡ ሆነ። አዲሶቹ ፍሪጆች ሲበላሹ የሚጣሉ እንጂ የሚጠገኑ አልሆኑም፤ ደጁ ላይ ይጋፋ የነበረው ደንበኛ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ሆነ። በረዶው ይህን ለማንም አላወራም። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ የተወለወለውን መፍቻ መልሶ ይወለውላል።

ቤቱን ይዛ የቆየችው ሚስቱ ናት። በፊተኛው ክፍል ባለው ትልቅ ፍሪዘር በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ ትሸጣለች። ፍሪዘሩን ገና እንደተጋቡ ሰው ከጣለው ዕቃ መሃል አንስቶ የጠገነላት እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ሁለቱ ከበረዶ ሽያጩም ከጥገናውም እየቆነጠሩ ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበር፤ ለጣሪያ። የቤቱ ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ዝናብ ሲመጣ የትኛው ባልዲ የት እንደሚቀመጥ ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። አናጢው መጥቶ ለክቶ ሄዷል፤ የቀረው ዝናቡ ሳይገባ ቆርቆሮውን መግዛት ብቻ ነበር።

የሴት ልጁ ባል ያን ነገር ይዞ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ስልክ የሚሸጥ፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወድ ጎልማሳ ነው። አንድ የዕረፍት ቀን ከሚስቱ ጋር ሊጠይቃቸው መጥቶ ስለ ቢትኮይን፣ በኢንተርኔት ስለሚገኘው ገንዘብ፣ አነሳ። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማሽን አለ፤ ቀንም ሌትም ቁጥር ሲገምት ይውላል፤ በየአገሩ ያሉ ማሽኖችም እንደሱ ይገምታሉ፤ ትክክለኛውን ያገኘ ገንዘቡ በኢንተርኔት ይደርሰዋል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ተባብረው ይገምቱና እንደ ጉልበታቸው ይካፈላሉ። ማይኒንግ ይሉታል፣ አለ። አንድ የሚያውቀው ሰው ያገለገለ ማሽን በርካሽ እየሸጠ ነው። በረዶው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ሊያፈሰው ነበር። የያዘችው የመጨረሻዋ ቃል ናት።

«አባባ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፤ እሱ ይሥራ።»

ለማንም ያልነገረውን ወገቡን ሰው ያየበት መሰለው። አፈረ፤ ደስም አለው። ያገለገለ ፍሪጅ ሊገዛ ያሰበውን ሁሉ «ሻጩ ለምን እንደሚሸጠው ጠይቀሃል ወይ?» የሚለው ሰው፣ ያን ቀን አልጠየቀም። የመብራቱንም ነገር አልጠየቀም። የልጁ ባልም አላነሳውም፤ ሊያታልል አስቦ ግን አይደለም። የተከራየው ሱቅ መብራት ከኪራዩ ጋር የሚታሰብ ስለሆነ ቆጣሪ ምን እንደሚመስል አያውቅም።

ሚስቱ ገንዘቡ የጣሪያ መሆኑን አስታወሰችው። በረዶውም ዝናቡ ሳይገባ ማሽኑ የወጣበትን መልሶ ጣሪያውንም ያለብሳል ብሎ ቃል ገባላት። «አንተ ካልክ» አለች። ይህን የምትለው ሳታምን ስትቀር መሆኑን ልቡ እያወቀ፣ እንዳልገባው ሆነ።

ማሽኑ ሲመጣ ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም። ድምፁ ግን ሌላ ነው። ገና ጓዳ ውስጥ ሲሰካ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣው የጭነት መኪና ሹፌር፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «አንተ በረዶ፣ አውሮፕላንህ መቼ ነው የሚነሳው? በመስኮት በኩል ቦታ ያዝልኝ» አለው። ሰፈሩ ሳቀ፤ በረዶውም ሳቀ። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይል ነበር። የልጁ ባል ስልኩ ላይ በጫነለት መተግበሪያ ገብቶ ሲያይ ቁጥሯ ትጨምራለች፤ ትንሽ ናት፣ ግን እሱ ሳይነካት ትጨምራለች። በደንበኛው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያያት ይውላል።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። ጓዳው ምድጃ ሆነ። ሙቀቱ ወደ ፊተኛው ክፍል ዘለቀና የሚስቱ በረዶ አልረጋ አለ። ለጠዋት ደንበኞቿ ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ ትላቸው ጀመር፤ የሚመለሱት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ባልዲዎቹን አውጥታ አጠበችና በጓዳው በር ላይ ደረደረቻቸው። የዝናቡን መቅረብ ልታስታውሰው እንደሆነ እሱም ገባው።

ከሞቀ ማቀዝቀዝ ነው፣ ማቀዝቀዝ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮት ይከፍት፣ ሙቀቱን ወደ ውጪ የሚያስወጣ ቧንቧ ይሠራ ነበር። በረዶው ግን ፍሪጅ ሠሪ ነው። ደጃፉ ላይ ከቆሙት ትልቁን መርጦ ሹፌሩ እየረዳው ጓዳ አስገባ። ለደንበኛ ሲቆጥበው የኖረውን አዲስ ኮምፕሬሰር ገጠመለት፣ ጋዝ ሞላው፣ ለሽቦው ቀዳዳ በሳ፣ ቀዳዳውን በጎማ ደፈነ። ከዚያ መደርደሪያዎቹን አወጣና ማሽኑን እየጮኸ አስገብቶ በሩን ዘጋበት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ «አውሮፕላኑን አሰርከው» አለ። በረዶው እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም። ኮምፕሬሰሩ ሠርቶ ሠርቶ፣ ጠቅ ብሎ የሚያርፍባትን ድምፅ ለመስማት አጠገቡ ቆመ። ደህና ፍሪጅ ይሠራል፣ ያርፋል፤ ያቺን ድምፅ እንደ ልጁ ድምፅ ይለያታል። ጠበቀ። አላረፈም። ምሳውን በልቶ ተመለሰ፤ አላረፈም። መዳፉን ቢያሳርፍበት ፈጀውና መንጭቆ አነሳው። ነገ ይለምድ ይሆናል አለ፤ ኮምፕሬሰር እንደማይለምድ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሳይኖር።

በማግስቱ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፕሬሰሩ ለመነሳት ደጋግሞ አጉረመረመና የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ለቀቀ። ማሽኑ ግን እንደተዘጋበት ሥራውን ቀጥሏል። ሽታውን ተከትላ ቀድማ የደረሰችው ሚስቱ ናት። በሩን ስትከፍተው ወላፈን ፊቷን መታው፤ ከላይ ማቀዝቀዣው ላይ የጋገረው በረዶ ቀልጦ በግድግዳው ይወርዳል። በረዶው ተንደርድሮ ሶኬቱን ነቀለ።

ሚስቱ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። «ትኩስ ድስት» አለች። ከንፈሯ ላይ ሳቅ መጥቶ ነበር፤ የባሏን ፊት ስታይ መለሰችው።

ማሽኑ አልሞተም። አድርቆ ሲሰካው እንደገና ጮኸ። የሞተው አዲሱ ኮምፕሬሰር ነው። የመብራት ሂሳብ ወረቀቱም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በረዶው አንብቦ አጠፈና ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ቀኑን ሙሉም እጁ ከኪሱ አልወጣም።

ሚስቱ ሱቁ ውስጥ ገብታ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ ምሳ ደረሰ የምትለውም ከበር ላይ ሆና ነው። በማግስቱ ግን ገባችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ እንደ እንግዳ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«እንደ ደንበኛ ቁጠረኝ» አለችው።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ደንበኛ ነኝ አልኩህ እኮ። ቤቴ አንድ ዕቃ አለ። ያስገባውን መብራት ይበላዋል፤ አልበቃ ብሎት ከኪሴ ያስጨምረኛል። ሰፈር ያውካል፣ በረዶዬን ያቀልጣል። ያገለገለ ስለሆነ ዕድሜው ምን ያህል እንደቀረው አላውቅም። ምን ትመክረኛለህ?»

በረዶው መፍቻውን አስቀመጠ። የቢትኮይኑ ዋጋ ከፍ ሲል ይሻለው ይሆናል ሊላት ፈለገ፤ የልጁ ባል እንደዚያ ብሎታል። ግን ማሽኖቹ በበዙ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሚሳሳ የነገረውም እሱው ነው። ለደንበኛ ደግሞ ይሻለው ይሆናል ብሎ አያውቅም።

«አያዋጣም» አለ።

«ለምርመራው ስንት ነው?»

«ላንቺ በነፃ።»

ተነስታ ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ምሳ ደርሷል አለችው።

ማሽኑ ያን ቀን ከሶኬቱ ተነቀለ። የልጁ ባል ነገሩን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ መጣና ቀስ እያልኩ እተካለሁ አለ። በረዶው ተቆጣ። አንተ ልጄን ደህና አድርገህ ያዝ፣ ጣሪያዬን የሸጥኩት እኔ ነኝ፣ ብሎ አፉን አስያዘው፤ ይልቅ ገዢ ፈልግ አለው። እሱም የሽያጭ ማስታወቂያ በስልኩ ለቀቀ። ሰማዩ ግን ከገዢ ቀድሞ መጥቆር ጀመረ።

ሊገዛ የመጣው ልብስ ሰፊ ነው፤ በዕድሜ ከበረዶው ጥቂት ያንሳል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየው። ዓይኑ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንዳቃተው፣ የስፌት መኪናውን ሊሸጥ እንደተስማማ፣ ከእንግዲህ ቁጭ ብሎ የሚያሠራው ነገር እንደሚፈልግ አጫወታቸው። ቀብዱን ተቀብሎ ገንዘቡን ይዞ መጥቷል፤ ዋጋም አልተከራከረም። እሺ ከተባለ ቆርቆሮው በማግስቱ ይመጣል። በፊተኛው ክፍል በረዶ የምትሰብረው ሚስት መዶሻዋን አቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ልብስ ሰፊው። «ያዋጣል?»

በረዶው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። በዝገቱ ቀዳዳዎች ብርሃን ይገባል።

«መብራቱን የምትከፍለው አንተ ነህ?»

«ሌላ ማን ይከፍልልኛል።»

«እንግዲያው አያዋጣም። ቀብዱን መልስና መኪናህን አትሽጥ። መነጽርህን ቀይር።»

ልብስ ሰፊው የበረዶውን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ገንዘቡን ይዞ ወጣ። ከፊተኛው ክፍል የመዶሻው ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ በረዶው ግን ምቱ ከወትሮው ጠንክሯል ወይስ መስሎኝ ነው እያለ ሲያዳምጥ ቆየ።

ማታውን ዘነበ። እሱ ባልዲ ያቀብላል፣ እሷ ታስቀምጣለች። ስለ ልብስ ሰፊው አላነሱም። የመጨረሻውን ባልዲ ስትቀበለው ግን፣ እሱም ዓይኑ ነው የከዳው አለች። በረዶው ወገቡን እንዳየችበት ያወቀው ያኔ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊው ዘመዱን ላከላቸው። ዘመድየው ወንዝ ዳር እንጨት መሰንጠቂያ ያለው፣ መብራቱን ከውሃው የሚያመነጭ ሰው ነው፤ መጋዙ ሲቆም ኃይሉ ዝም ብሎ ይባክናል። በረዶው ይህን ሰምቶ፣ ላንተ ሊያዋጣ ይችላል፣ ድርሻው እየሳሳ መሄዱን ግን እወቅ አለው። ሰውየው የማይቸኩል ተከራካሪ ነው። ዋጋ በተጠራ ቁጥር «ራስዎ አያዋጣም ብለው የለም እንዴ?» ይላል። በዚህችው ቃል እያደናቀፈው በግማሽ ዋጋ ወሰደው። ሚስቱ በአፉ ይከስራል ስትል የኖረችውን አስታውሳ ሳቀች፤ በረዶው በዚያ ሰሞን ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነው።

ግማሽ ገንዘብ ግማሽ ጣሪያ ነው። የትኛው ግማሽ ይልበስ በሚለው ሁለት ቀን ተከራከሩ። እሱ ፍሪዘሩ ያለበት ይሁን አለ፤ እሷ እኔ በረዶ አይደለሁም፣ የምተኛበት ይሁን አለች። በመጨረሻ የፊተኛው ክፍል አዲስ ቆርቆሮ ለበሰና አልጋው ከፍሪዘሩ ጎን ገባ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት ዝናቡ መጣ። ከበላያቸው አዲሱ ቆርቆሮ ይንጎደጎዳል፤ ከጓዳ ባልዲዎቹ ጠብ ጠብ ይላሉ። ከጎናቸው ፍሪዘሩ ሲሠራ ቆይቶ ጠቅ አለና አረፈ። በረዶው ዓይኑን ጨፈነ።

ሳይቆይ ሹፌሩ ከደጅ ተጣራ። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ትቶ ማጉረምረም ብቻ ሆኗል፤ በእጅ ጋሪ አስገፍቶ አምጥቶታል። በረዶው ግድግዳውን ይዞ ተነሳ።

«ትኩስ ድስት አስገብተህበት እንዳይሆን።»

«አስገብቼ ቢሆንስ» አለ ሹፌሩ፣ «ከማን ተማርኩት?»

በረዶው ሳቀና ሱቁን ከፈተ። በርጩማውን ወደ ራሱ ሳበ፣ ተቀመጠበት፣ ደንበኛውን እንዳቆመ መዳፉን ኮምፕሬሰሩ ላይ አሳረፈ። ጥቂት አዳመጠ።

«ያዋጣል» አለ።