ገደብ ያለበት ፕሬዝዳንት

እኔ ፕሬዝዳንት ነበርኩ። ሱሉልታ ውስጥ፣ የሰፈራችን እድር ፕሬዝዳንት። የሚስቅ ይሳቅ፤ ባለቤቴም ስቃለች።

የእድራችን ሊቀመንበር እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ከወንበራቸው ንቅንቅ ብለው አያውቁም። አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጥቂት ደፋሮች «የሥልጣን ዘመን ገደብ ይበጅልን» አልን። ሊቀመንበሩ አልተቆጡም። «ይኼማ አገር የፈታው ጉዳይ አይደል!» ብለው ሕገ መንግሥቱን ያስረዱን ጀመር፦ ፕሬዝዳንቱን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል፤ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ጠቅላይ ሚኒስትሩስ? እሱ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። የእኛም ደንብ በዚሁ ልክ ተሰፋ። ገደብ ያለበት ፕሬዝዳንት ተፈጠረ፤ ገደብ የሌለባቸው ሊቀመንበር ባሉበት ቀሩ። ስለ ገደብ አብዝቼ የጮህኩት እኔ ስለነበርኩ በጭብጨባ ተመረጥኩ።

ሥራዬ ስብሰባ በንግግር መክፈትና እንግዳ መቀበል ነበር። የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ግን ሊቀመንበሩ ቀበቶ ላይ ነው። ሌላ ቁልፍ ይቀረጽ ስንል «ሁለት ቁልፍ ማለት ሁለት መንግሥት ነው» ይሉናል።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ፣ ፕላኑ ተሰርዟል ከተባለም በኋላ አልበረደም ነበር። በዚያው ክረምት ሊቀመንበሩ አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት አድረው ሳለ የጎጃም መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። ያን ዕለት ጠዋት የጎረቤቴ ሚስት አረፈች። ጎረቤቴ፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው፣ እርሻቸው ለቪላና ለመጋዘን ተሸንሽኖ ግቢያቸው ብቻ የቀረላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ» አሉን። «እሷ ሰው ትወድ ነበር። ዝናብ እየመታው የሚሸኛት ሰው አይኑር።»

ለሊቀመንበሩ ደወልኩና ቁልፉን ሰብረን ድንኳኑን እናውጣ አልኳቸው። ሐዘናቸውን ገለጹና «ደንቡ ይከበር» አሉኝ። «የእድሩን ንብረት ለመስበር የጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።»

ጉባኤውማ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል! በእድራችን ታሪክ ምልዓተ ጉባኤ ሳይጓደል የተገኘው ያን ቀን ብቻ ነው። ጃንጥላ ይዤ ስብሰባውን ከፈትኩ። «የመጋዘኑ ቁልፍ ይሰበር የምትሉ እጃችሁን አውጡ!» አልኩ። እጅ ሁሉ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዝዳንት የሆንኩ መሰለኝ።

ጸሐፊው ቆጥሮ ሳይጨርስ ወታደሮች የጫነ ፒክአፕ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ያን ሰሞን በእኛ ከተማ፣ ሰው ተሰብስቦ እጁን ከራሱ በላይ ሲያነሳ ድምፅ እየሰጠ ነው ብሎ የሚያስብ ወታደር አልነበረም። እጅ ሁሉ ባንዴ ወረደ። መኪናው ቀስ ብሎ እያየን አለፈ።

«እንደገና እጅ እናውጣ» አልኩ። አንድም እጅ አልወጣም። ጸሐፊው ሕግ አክባሪ ሰው ነው፤ ጉሮሮውን ጠርጎ «ድጋፍ የለም፤ ሐሳቡ ወድቋል» ሲል አስታወቀ። ድንጋይ አንስቼ ቁልፉን በራሴ ልስበረው ብዬ አስቤ ነበር። ድንጋይ ማንሳትም ያን ሰሞን ሌላ ትርጉም ነበረው።

ሬሳ ሳጥኑን ላስቲክ አልብሰን በዶፍ ዝናብ ቀበርናት። ለቅሶውንም በየአጥሩ ጥግ ተጠግተን ተቀመጥን። አፈርኩ፤ በንዴት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መንገዱ ሲከፈት ሊቀመንበሩ ከነቁልፋቸው ደረሱ። ድንኳኑ ወዲያው ተተከለ፤ አንዲት ጠብታ አያስገባም። ቆመው አባላቱን በአስቸጋሪ ጊዜ ደንቡን ስላከበሩ አመሰገኑ። አንዳንዱ ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ተወው።

ውጭ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። ኦቦ ከድንኳኑ ትይዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ።

«ኦቦ፣ ይግቡ እንጂ፤ ዝናቡ ይመታዎታል።»

«ላኪ፣ አይሆንም፤ አልገባም» አሉኝ፣ ጃንጥላውን በእጃቸው ወደ እኔ እየገፉ። «ይምታኝ። እሷንም መቷታል።»