በልጆች አፍ ቁስል የተከሰሰው በሬ

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ አሶሳ

የእርዳታ ዱቄት የጫነው መኪና ላይ ስወጣ ከተማው ገና አልነቃም። ጤና ረዳት ነኝ፤ በሻንጣዬ ቴርሞሜትር፣ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙናና ብዙ ምክር ይዣለሁ። የምሄደው ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ወደሚኖሩበት አንድ አምባ ነው። የልጆቹ አፍ ቆስሏል፣ መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው ውሃ ቋጥሯል፣ ምግብ አልቀምስ ብለዋል የሚል መልእክት ደርሶናል።

ሐኪማችን ትናንት ሲያሰናብተኝ "ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። ፈሳሽ ይጠጡ፣ እጃቸውን ይታጠቡ" አለኝ። መድኃኒት ለሌለው በሽታ መድኃኒተኛ ሆኖ መሄድ እንዴት ያለ ሹመት ነው!

ሹፌሩ ጋሽ ማሞ መሪውን እንደያዘ "ይጋባል?" አለኝ።

"ይጋባል።"

"እንግዲያው ስትመለስ ከኋላ ነህ።"

ረፋድ ላይ፣ ባምባሲ

ቀይ ጭቃ፣ ቀርከሃ፣ እንደገና ቀይ ጭቃ። ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ "አካም ቡልተን" ብላ ሰላምታ ሰጥታን ቂጣ በሻይ አቀረበችልን። የምሄድበትን ስነግራት ዓይኗ በራ።

"እዚያማ ቅዳሜ በሬ ሊታረድ ነው አሉ። ሥጋ ካገኘህ እኔን እንዳትረሳ።"

የሥጋው ወሬ ከበሽታው ወሬ ቀድሞ ባምባሲ መግባቱ ግር አለኝ።

ሰኞ ከሰዓት፣ አምባው

በገመድ የተለኩ የሚመስሉ የሣር ጎጆዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። የአምባው ሊቀመንበር ከነካኪ ኮፍያው ተቀበለኝ።

"ጓድ ጤና፣ እንኳን ደህና መጣህ። ቅዳሜ እናርዳለን።"

"ማንን?"

"ጥፋተኛውን!"

ጥፋተኛው ቦራ የሚባል ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰፋሪዎቹ አገራቸው ሳሉ የከብት አፍተግር ያውቃሉ፤ የበሬው አፍ ይቆስላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሰኮናው ይላጣል። የልጆቹን አፍና እግር ሲያዩ ከአምባው በሬ ፈለጉ፤ ቦራ ደግሞ ለሃጩን ያዝረበርባል። የጥማድ ጓደኛውን ገንዲ፣ ያ ዝንብ የሚያመጣው የከብት በሽታ፣ ስለገደለበት ሥራ ፈት ሆኖ ወፍሯል። አምባው ሥጋ ካየ ወራት አልፈዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ላየው ጠጋ ስል ቦራ አንገቱን ወደኔ መለሰ። ከብት ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ራሴን ያገኘሁት አጥር ላይ ነው። አምባው በሳቅ አለቀ።

የበሬው ባለቤት ጋሽ ይመር ግን አልሳቁም። ካጥሩ ደግፈው አወረዱኝና፣ "ልጄ፣ አገሬን ትቼ መጣሁ። ትራክተሩ የመንግሥት ነው። እኔን ገበሬ የሚያሰኘኝ ይኸ በሬ ነው፤ አብሮት የሚጠመድ አቻ ይሰጥሃል ብለውኝ እሱን እየጠበቅሁ ነው። እሱ ከታረደ እኔ ምን ልባል ነው?" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ማታ በስብሰባው ላይ የከብቱ በሽታ ሌላ፣ የልጆቹ ሌላ መሆኑን አስረዳሁ። በዓይን በማይታይ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍም ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

"ይኸን ቫይረስ አንተ አይተኸዋል?"

"አላየሁትም።"

"በሉ እንግዲህ! ያላየነውን ከምንከስ፣ ያየነውን በሬ እንረድ።"

ጭብጨባው ቀለጠ።

ማክሰኞ፣ ማንጎው ሥር

ከአምባው በታች የአገሬው ሰዎች የበርታዎች መንደር አለ። የመንደሩ ነዋሪ በሆነችው በሃዋ ማንጎ ሥር የሁለቱም ወገን ልጆች ይውላሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ የበሰለ ማንጎ ታሽቶ ጫፉ ይበሳል፤ ሁሉም በተራ ይመጥጠዋል፣ እስኪመጠጥ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ልጣጩን ቦራ ይጠብቃል፤ ለሃጩም ከዚያ ነው።

"የኛ መንደር በሬ የለም፣ ዝንብ ጨርሶታል" አለችኝ ሃዋ። "ግን የኔ ልጅ አፍ ቆስሏል። ወላሂ፣ በሬ አይደለም።"

የጋሽ ይመር የልጅ ልጅ ሰይዳ ተራህ ነው ብላ ማንጎውን ዘረጋችልኝ። ልጅ ስትሰጥ እምቢ አይባል። መጠጥኩት፤ ማር ነው! ስለ ንጽሕና ማስተማር የጀመርኩት አፌን ከጠረግሁ በኋላ ነው።

የሃዋን ቃል ለሊቀመንበሩ ባደርስለት "የነሱ ሌላ በሽታ ይሆናል" አለኝ። ሊያርዱ የተነሡ ቢላዎች ወደ ሰገባቸው አልተመለሱም።

ሐሙስ

ዝናብ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና የለም። ልጆቹ በጨው ውሃ ተጉመጠመጡ፣ ቀዝቃዛ አጥሚትም ጠጡ፤ አንዳንዶቹ መብላት ጀምረዋል። ቢላ የሚሳልበት ድምፅ ግን ከጎጆ ጎጆ ይሰማል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ስብሰባው

ትናንት ማታ ትኩሳት አደረብኝ። ዛሬ ምላሴ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ መሰለኝ። መዳፌን ባየው ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ወጥተውበታል። አንባቢዬ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ ታምሜ አላውቅም።

ቦራ ታስሮ ቀርቧል። ለመናገር አፌን ስከፍት አመመኝና መልሼ ዘጋሁት። ጋሽ ይመር ግን እጄን አይተው ብድግ አሉ፤ መዳፌን ይዘው ወደ ሰማይ ዘረጉት።

"እዩ! እዩ እንጂ! ይኸ ሰውዬ በሬ ሲያይ አጥር የሚወጣ ሰው ነው። ከመጣ ቦራን ሲነካ ያየው አለ? የነካው የልጆቹን ማንጎ ነው!"

አንዲት ሴት የአጥሩን ነገር አስታውሳ ሳቋን ለቀቀችው፤ ሳቁ ተቀጣጠለ። ጋሽ ይመር ዕንባቸው በጺማቸው ይወርዳል፣ አብረው ይስቃሉ። ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አስተካከለ።

"ቦራ በነጻ ተሰናብቷል። ማንጎ ለየብቻ ይበላ። ሁሉም እጁን ይታጠብ።"

"ቢላዎቹስ?" አሉ ቫይረስ አይተሃል ወይ ያሉኝ ሽማግሌ፣ በሐዘን።

ሰኞ ማታ፣ አሶሳ

ጋሽ ማሞ ቃሉን ጠበቀ፤ ከኋላ፣ በባዶ ጆንያ ላይ ተጭኜ መጣሁ። ባምባሲ ላይ የሻይ ቤቷ ባለቤት ደጃፏ ላይ ቆማ ሥጋ አለመያዜን አይታ ፊቷን አዞረች። ጋሽ ይመር በመሰናበቻው የሰጡኝ ማንጎ ጭኔ ላይ ነው።

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ በኩራዝ መዳፌን አገላብጣ አየች።

"እኔን! የታመመ በሬ ነክተህ ነው አይደል?"

ሳቄ መጣ፤ አፌ ግን አላስከፍት አለኝ።