ከቁስቋም በላይ የሚታየው ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጠዋት ዘንቦ ስለ ነበር በጣና ዳር የወደቡ የእንጨት መራመጃ ያንሸራትት ነበር። ንግግር እንዳይበዛ አስቀድሜ ለምኛለሁ። ያሠለጠንኋቸው ወጣቶች ግን ነጭ ለብሰው በግራና በቀኝ ተሰልፈው ጠበቁኝ። አንዷ ፊሽካውን ነፋች፤ መኮንን ከመርከብ ሲወርድ የሚነፋውን፣ ረዥሙንና መጨረሻው ላይ የሚቀጥነውን ድምፅ። በተራ ባሕረኛነቴ ለሌሎች ስንት ጊዜ ነፍቼዋለሁ። ለእኔ ሲነፋ እግሬ የማን እግር እንደ ሆነ ጠፋኝ። ለባንዲራው ሰላምታ ሰጠሁ፤ መሬት ረገጥሁ፤ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሻንጣና አንድ ቦርሳ ይዤ የጎንደር ማኪና ላይ ተሳፈርሁ። በመስኮቱ በኩል ጣና አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ እያለ ትንሽ ሸኘኝና ቀረ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃ ላይ እንድገኝ የሚያዘኝ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ባሕር ኃይል የገባሁት በተራ ባሕረኛነት ነው። የተወለድሁት በደምቢያ፣ ከኮላ ድባ ወጣ ካለች መንደር፣ ጤፍና ሽምብራ ከሚዘራ ቤት ነው። ሐይቁ ከደጃችን ሩቅ ባይሆንም የእኛ ሰው ውሃን የሚያውቀው ከብት በማጠጣትና ክረምት ማሳ ሲውጥበት በመርገም ነበር። በቤታችን ዋና የሚችል አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ለመቀጠር መነሣቴን ሲሰማ፣ ወታደር መሆን ካማረህ ምነው በመሬት ላይ የሚዋጋውን አጣህ ብሎ ነበር የጠየቀኝ። ምጽዋ ደርሼ ባሕሩን ያየሁት ዕለት ደምቢያ ሙሉዋ ታርሳ ሰማያዊ የተዘራባት መሰለኝ፤ የሄድሁበት ምክንያት ይህ መሆኑን ያወቅሁት ከደረስሁ በኋላ ነው።

ያሠለጠነኝ የምጽዋ ተወላጅ የሆነ የበታች ሹም ነበር። የፊት ጥርሶቹ የተራራቁ፣ ሲያዝ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ወገቤን በገመድ አስሮ፣ ገመዱን ራሱ ይዞ፣ ዋና አስተማረኝ። ገመዱን የለቀቀው መቼ እንደ ሆነ አልነገረኝም፤ ዞር ስል ጫፉ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ እሱ ዳር ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ከሥራ ስንወጣ እቤቱ ወስዶ የመርከብ መጽሐፍ ያስነብበኝ ነበር። አንተ መወልወያ ይዘህ አታረጅም ይለኛል። የመኮንንነቱን ፈተና እንድወስድ ሦስት ጊዜ ነግሮኝ ሦስት ጊዜ ፈራሁ። በአራተኛው ሳይነግረኝ አስመዘገበኝ። በትከሻዬ ላይ የመጀመሪያውን ማዕረግ ሳደርግ ከእኔ ቀድሞ ሰላምታ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ያስተማረኝ ሰው። እጄን አንሥቼ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀብኝ አላውቅም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ወደቡ ከእጃችን ወጣ። እሱ በአገሩ ቀረ፤ እኔ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ሳንሰነባበት ነው የተለያየነው። ለብዙ ዓመታት ባሕር የሌለው ባሕረኛ ሆኜ በጣና ላይ እህልና ሰው በሚያመላልሱ ጀልባዎች ሠራሁ። በኋላ ባሕር ኃይሉ እንደ ገና ሲቋቋም የቀደሙትን ሲፈልጉ ተጠራሁና ማዕረጌ ተመለሰልኝ፤ ከዚያም ከፍ አልሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ጨው የሌለው ውሃ ላይ ቆሜ ስለ ጨው ውሃ አስተማርሁ። ማዕበሉን በእጄ እያሳየሁ። ልጆቹ ያምኑኝ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለቤቴ ጎንደር ነበረች። መምህርት ናት፤ ቁስቋም አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ፊደል አስቆጥራለች። እዚያው ቤት ሠራች፣ ልጃችንን አሳደገች፣ ዳረች። እኔ የበዓል ሰው ነበርሁ። ለፋሲካና ለጥምቀት እመጣለሁ፣ የላላውን በር አጠብቃለሁ፣ እሄዳለሁ። ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ ጡረታ ወጥታ ጠበቀችኝ።

ስገባ ቤቱን ቀለም አስቀብታዋለች። መስኮቱ ሥር ወንበር አድርጋለች። ይህ ያንተ ነው አለችኝ። ተቀመጥሁበት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፉ ነበሩ። ጎሕ ሳይቀድ እነሣለሁ፤ የምረከበውም የማስረክበውም የጥበቃ ተራ የለም። አልጋው አይንቀሳቀስም። ሳህን ሳስቀምጥ ከጠረጴዛው ጠርዝ አርቃለሁ፤ የጎንደር ጠረጴዛ የትም ላይሄድ። ወንድሜ ጋ ኮላ ድባ ወርጄ ነበር። አርጅቷል፣ በሬዎቹን ግን አሁንም ራሱ ይጠምዳል። «አያ፣ ላግዝህ» ስለው እጄን ዓይቶ ሳቀና፣ ከዛፉ ሥር ተቀመጥ አለኝ። እንግዳ ነበርሁ። ተቀምጬ ያየሁት እርሻውን አልነበረም፤ ከእርሻው ማዶ ሐይቁ ያለበትን አቅጣጫ ነው።

አንድ ቀን መስከረም ላይ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ ያለውን ኮረብታ ወጣሁ። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለ ነበር ወደ ደቡብ ስመለከት፣ ከደምቢያ ሜዳ ማዶ፣ ምላጭ የምታህል ነጭ መስመር አየሁ። ጣና ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ እወጣ ጀመር። ማየት የምችለው ፀሐይ ሳትጠነክር ነው፤ ረፋድ ላይ ጭጋግና ብርሃን ተቀላቅለው ይውጡታል። ጎረቤቶች ለኪዳን የምሄድ መስሏቸው ያከብሩኝ ገቡ። የባሕር ሰው እንዲህ ጸሎተኛ መሆኑን አናውቅም ነበር፣ ሸጋ ሰው ነው ይሉኛል። በቅጥሩ ሳልፍ መሳለሜ እውነት ነው። ከዚያ አልፌ የምሄድ መሆኔን ግን አልነገርኋቸውም።

በዚያው ሰሞን አንድ የጥንት የመርከብ ጓደኛዬ ከሌላ አገር ደውሎ አገኘኝ። ብዙ ካወጋን በኋላ ስለ አስተማሪዬ ጠየቅሁት። ከዐሥር ዓመት በፊት ማረፉን ነገረኝ። በዚያው በምጽዋ፣ በቤቱ፣ በሰላም። ሰዉ ሁሉ ሸኘው አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ያንን በመስኮት ሥር ያለ ወንበር አየሁት እንጂ አልተቀመጥሁበትም። ለባለቤቴ ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ከእኔ የበለጠ ማዘኗ ገርሞኝ ነበር።

በማግስቱ ኮረብታው ላይ ተቀምጬ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። እሷ ናት። ዳገቱ አድክሟት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳለች። ከጎኔ ተቀመጠችና እኔ ወደማየው አየች።

ሰዎቹ ጸሎት ይሄዳል ይላሉ፤ እኔም እንዲሉ ተውኋቸው አለችኝ። ዓመታቱን ሁሉ ስትጠብቀኝ እንደ ኖረች፣ አሁን መጣልኝ ብላ ደስ ሲላት እኔ ደግሞ ሌላ ነገር መጠበቅ እንደ ጀመርሁ፣ በቤቱ ውስጥ ብንቀሳቀስም እንደሌለሁ ነገረችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ለአንድ ተማሪ ስህተቱን እንደምታሳይ አድርጋ ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጄን ያዘችኝ።

«ያንን ባሕር እኔም አውቀዋለሁ» አለች። «ዐሥራ አንድ ቀን አይቼዋለሁ። አንተ የሌለህበትን።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። በተጋባን በሁለተኛው ክረምት ወደብ እንደምንቆይ ጽፌላት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የይለፍ ወረቀት አውጥታ፣ በአውሮፕላን አሥመራ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ቁልቁል ምጽዋ መጣች። ከመድረሷ በፊት ባለው ቀን በድንገት ታዘዝንና ከወደብ ወጣን። የተቀበላት አስተማሪዬ ነው። ይዞ ቤቱ ወሰዳት፣ ከሚስቱ ጋር ዐሥራ አንድ ቀን አስቀመጧት። የይለፍ ወረቀቷ ቀን ሲያልቅ ተመለሰች። እኔ ከሁለት ቀን በኋላ ስደርስ አስተማሪዬ አንገቱን ደፍቶ አንድ ጥቅል ሰጠኝ። ውስጡ ዳቦ ቆሎና በእጇ የሠራችው የሱፍ ሹራብ ነበር። ባሕር እንደ ጎንደር ዳገት የሚበርድ መስሏት፣ ሰው በጥላ ሥር በሚቀልጥበት በምጽዋ ሐምሌ፣ ሹራብ። ሹራቡን ታቅፌ አለቀስሁ።

ይህን አውቃለሁ። እሷ ግን ያን ሰሞን ምን እንደ ሠራች ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ነግራኝ አታውቅም። በየበዓሉ ስንገናኝ የሚወራው ስለ ልጃችንና ስለ ቤቱ ነው። እኔም ስለ ባሕር አላወራም፤ ያኔ ወታደር ስለ ሥራው አይናገርም ነበርና ልማድ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ በዚያ ኮረብታ ላይ ነገረችኝ። ሙቀቱ ሲበርድ አስተማሪዬ ወደ ወደቡ ያደርሳትና በአንድ የብረት ግንድ ላይ፣ መርከብ በሚታሰርበት፣ ትቀመጣለች። እሱ ራቅ ብሎ ይቆማል። በሦስተኛው ቀን ወደ ወደቡ የሚመጣውንና የማይመጣውን መርከብ በጭሱ መለየት አስተማራት። በአምስተኛው ቀን የጀልባ ቋጠሮ አሳያት። ይመጣል አላላትም፤ ውሸት አይወድም ነበር። የነገራት አንድ ነገር ነው፤ ባልሽ መዋኘት ችሏል፣ ገመዱን ስለቅበት አላወቀም ብሎ። ይህን ሰምታ ነው ወደ ቤቷ የተመለሰችው። ሠላሳ ምናምን ዓመት እኔን ስትጠብቅ የያዘችው ያንን ቃል ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያን ጊዜ የት ነበርህ ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኋት። ሞተራችን ተበላሽቶ ከአንዲት ትንሽ ደሴት ጥግ መልሕቅ ጥለን ዕቃ እንጠብቅ ነበር። ጠላት እንዳይሰማ ራዲዮ ተከልክሏል፤ የት እንዳለን የሚያውቀው የወደቡ አዛዥ ብቻ ነበር። ቀኑን ዓሣ እናጠምዳለን፣ ጥላ እንፈልጋለን፣ እንተኛለን። ከወደቡ በጀልባ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

«ሁለት ሰዓት» አለች።

«ሁለት ሰዓት።»

ነጩን መስመር አየች። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ እየሳቀች ነበር። ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ እያቆመች፣ ሁለት ሰዓት እያለች እንደ ገና እየሳቀች። እኔንም አሳቀችኝ። ኪዳን ያደረሱ ሴቶች ከታች ሆነው ቀና ብለው አዩን።

ናፍቆቱ ለቀቀኝ ለማለት አልደፍርም። አሁንም ጎሕ ሳይቀድ እነሣለሁ። ጨዋማ ነፋስ የሚሸተኝ ቀን አለ፣ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው። ግን ከዚያ ወዲህ የማወራለት ሰው አገኘሁ። ምሳ ከበላን በኋላ ከእኔ አንድ የባሕር ቀን ትጠይቃለች፣ እኔ ደግሞ ያንኑ ጊዜ ጎንደር ምን ይደረግ እንደ ነበር እጠይቃታለሁ። እኔ ከማዕበል ጋር ስታገል ልጃችን ኩፍኝ ይዟት ነበር። እኔ ማዕረግ ስቀበል እሷ ጣራ ታስከድን ነበር። ያላየሁት ዕድሜ ብዙ ነው፤ እሷ ያየችውን ሳዳምጥ ያንንም ዕድሜ መናፈቅ ጀመርሁ።

ባለፈው ኅዳር ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ይዣት ወረድሁ። ጀልባ ላይ ስትወጣ እጄን አልያዘችም፤ በሁለት እጇ ጠርዙን ይዛ፣ እግሯን አስተካክላ ተቀመጠች። ዳሩ እየራቀ፣ ሸምበቆው እያነሰ ሄደ። መሐል ላይ ስንደርስ ባለ ጀልባው ሞተሩን ያጥፋልኝ አለችኝ። ለምን ብላት፣ ሞተር በሌለበት እንዴት እንደሚሰማ ልስማው አለች። ነገርሁትና አጠፋው።

ውሃው የጀልባዋን ጎን ቀስ እያለ ይመታ ነበር። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። እኔ እሷን አያለሁ። ባለ ጀልባው የቸኮለ ሰው አልነበረም፤ እስኪበቃት ድረስ ቆየን።