ይህ የእኔ ወፍ አይደለም

ግሌኒስ ትሬዊክ ሃያ ስድስት ዓመት የሚልዱራ ከተማን ተማሪዎች በአውቶቡስ ስታመላልስ አንድም ልጅ መንገድ ላይ ረስታ አታውቅም። ይህን የማነሣው ጎረቤቷ ስለሆንኩ ላሞግሳት አይደለም። ኋላ አእምሮዋን ከተጠራጠሩት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ያለው ነፍስ ካስታርድ ብቻ ነበር። ካስታርድ ኮካቲል ነው፤ ጉንጩ ብርቱካን፣ ገላው ነጭና ቢጫ፣ ሲደነግጥ ጉትያውን ቀጥ የሚያደርግ ትንሽ በቀቀን። አሥራ አንድ ዓመት አብሯት ኖሯል። መኪናዋ ወደ ግቢ ስትታጠፍ የሚያፏጨው እኔ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ከከንፈሯ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ይለቅማል።

ብርዱ ሲገባ ግሌኒስ በሯ ላይ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። ልጇ ሊያን ወፉን ልትጠብቅ ከነሻንጣዋ መጥታ ቤቱ ገባች። ሊያን አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደግ ናት፤ ሰው ሲቆጣት ግን ገና እንደ ልጅ ትርበተበታለች።

ግሌኒስ በምርኩዝ የተመለሰች ዕለት ሻንጣዋን ይዤ አብሬያት ገባሁ። ወደ ሽቦ ቤቱ ጠጋ ብላ ጣቷን አስገባች። ወፉ ጥግ ይዞ ፍሽሽ አለባት።

«ምን ሆነ ይሄ?»

«ጠፍተሽበት ነዋ፣ እማ፤ አኩርፎሽ ነው» አለች ሊያን።

ሳቅን። ግሌኒስ አልሳቀችም።

ሊያን ወደ ራሷ ቤት ተመለሰች። በሳምንቱ ግሌኒስ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «ዊን፣ እስኪ ነይ እይልኝ። ይህ የእኔ ወፍ አይደለም።» ጠረጴዛው ላይ የካስታርድን ፎቶዎች ደርድራ አጉሊ መነጽር ይዛለች። «ከጉትያው ኋላ ያለውን መላጣ ተመልከቺ። የእኔው ሰፊ ነበር። ፉጨቱስ የት ሄደ?»

አየሁ። ቢጫ ያው ቢጫ ነው። «ላባ እየቀየረ ይሆናላ» አልኳት። ቀና ብላ ስታየኝ፣ እኔንም ከተጠርጣሪዎቹ መሐል እንደጻፈችኝ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ቤቷ የምርመራ ክፍል ሆነ። ወፉን በኩሽና ሚዛን ትመዝናለች። ድሮ የሚወደውን ማሽላ ትሰጥና አበላሉን ታጠናለች። ልጇ ስትገባ ወሬዋን ታቆማለች። ሊያን ደግሞ አንድ ቀን መኪናዋ ጋ ጠብቃኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «እማዬ ነገር እየጠፋባት ነው መሰለኝ» አለችኝ። «አያቴንም እንዲሁ ነው የጀመራት።»

እውነት መሰለኝ። እንዲያውም ምስክር ሆንኩ፦ ባለፈው ስሜን ሁለቴ አሳስታ ጠርታኛለች አልኩ። ሰው በዚያ ዕድሜ ስም ቢያሳስት ምን ይደንቃል? እኔ ራሴስ የስንቱን ረስቼ!

ሊያን እናቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር የሚል ሰዓት ይሳሉልኝ» አላት። ሳለች። «ቅድም ያልኩዎትን አምስት ቃላት ይድገሙልኝ» አላት። አራቱን ደገመች፤ አምስተኛው ጠፋባት። «ብዙም አያሳስብም፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እናያለን» ብሎ መዝገቧ ላይ ጻፈ።

ይህች የጠፋባት አንዲት ቃል ናት የጎዳቻት። እስከዚያ ድረስ የምትጠረጥረው ወፉን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ራሷን። ምድጃ ማጥፋቷን ለማየት ሦስት ጊዜ ትመለሳለች። ቁም ሣጥኑ ላይ የት ምን እንዳለ የሚያስታውሳት ወረቀት ለጠፈች። ስለ ወፉ መናገሩንም ተወች። ዝም ስትል እኛ ዳነች አልን።

ብርዱ አልፎ ብርቱካኑ ሲያብብ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት በሌሊት ልብሷ አጥሬ ጋ ቆማ አገኘኋት። በሻይ ማንኪያ ላይ አንድ ነጭ እንቁላል ይዛለች፤ የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል።

«የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ነው ያገኘሁት። ዊን፣ እንቁላል መሆኑን ንገሪኝ። ለእኔ ብቻ ነው የሚታየኝ?»

«እንቁላል ነው» አልኩ። «ምናልባት… መጀመሪያም ሴት ብትሆንስ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ማታ ሲያፏጭልኝ ኖሮ? እንዲህ የሚያፏጨው ወንዱ ነው። ልጄን እጠይቃታለሁ።»

እሑድ ሊያን ለምሳ መጣች። እኔም ተጠርቻለሁ። የበግ ጥብሱ ቀርቧል። በሊያን ሳህን ላይ ግን ሥጋ የለም፤ በእንቁላል ማስቀመጫ ያቺ እንቁላል ብቻ ናት።

«ካስታርድ ነው የጣለልሽ፤ ብዪ» አለቻት እናትዋ።

ሊያን ቀላች፣ ከዚያ ነጣች። ሹካዋን አስቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እናቷ ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ወፉን ትከሻዋ ላይ እንዳለ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ማግፓይ የሚባል ነጭና ጥቁር ትልቅ ወፍ ከላይ ወረደባቸው፤ ካስታርድ በርግጎ በከተማው ዳር ወዳለው ወደ ሙሬይ ወንዝ አቅጣጫ በረረ። ዘጠኝ ቀን ፈለገችው። ማስታወቂያ የለጠፈችው እኔ በማልደርስበት ሰፈር ነው። ሲያቅታት ሌላ ከተማ ካለ ወፍ አርቢ ይህችን ገዛች።

«ገና ከሕመምሽ ሳትነሺ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«መጥፋቱስ ይሁን፤ ወፍ ነው፣ ክንፍ አለው» አለች ግሌኒስ። ድምፅዋን አላነሣችም። «ግን እያወቅሽ ሐኪም ፊት አስቀምጠሽ ሰዓት አስሳልሽኝ። እኔ ማታ ማታ አእምሮዬን እየቀበርኩ ነበር፣ ሊያን።»

ማንም አልበላም። እኔም ስሜን ታሳስታለች ብዬ የመሰከርኩትን አሰብኩ። ይቅርታ የጠየቅኳት በማግስቱ ነው፤ «አንቺም ብትሆኚ ከእኔ ይልቅ ልጄን አመንሽ፤ እኔም አምኛት ነበር» ብላ ተወችልኝ።

ሊያንን ግን እንዲሁ አልተወቻትም። ወደ ሐኪሙ ይዛት ሄደች። ሊያን በራሷ አፍ ሁሉን ተናግራ፣ ሐኪሙ መዝገቡ ላይ እስኪጽፈው ድረስ ግሌኒስ ከወንበሩ አልተነሣችም። ከዚያ ሁለት ወር ያህል እሑድ እሑድ የሚመጣ አልነበረም።

አሁን ሊያን ትመጣለች፤ ሳታንኳኳ ግን አትገባም። ሴቷን ኮካቲል ግሌኒስ በወንዙ ስም ሙሬይ ብላታለች። አሁንም እጅ ትነክሳለች። ባለፈው ልጅሽን ይቅር አልሻት ወይ ብዬ ግሌኒስን ጠየቅኳት።

«ይቅር ብያታለሁ» አለችኝ የሽቦ ቤቱን ወለል እየጠረገች። «የምትነግረኝን ግን ገና አጣራለሁ።»