እግሬ ፍሬን ላይ ነበር

አሁንም አላፍርበትም። የጃንሆይ መኪና በፒያሳ ሲያልፍ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም፤ ዛሬም ቢሆን አልነሳም።

በዚያ ዘመን የጃንሆይ መኪና ሲመጣ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ እጅ ይነሳ ነበር። ባለመኪናው ከመኪናው፣ ባለበቅሎው ከበቅሎው ይወርዳል፤ ባለሱቁም ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ያጎነብሳል። እኔ ደግሞ ከአትክልት ተራ ከፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር ፎቅ በሚሠራበት ቦታ፣ በሰንሰለት የሚሄድ አሮጌ ክሬን እነዳ ነበር። ሸክሙን በአየር ላይ የሚይዘው በእግር የሚረገጥ ፍሬን ነው። እግሬን ካነሳሁ የተንጠለጠለው ይወድቃል። ሰው "ክሬን ነጂ ተቀምጦ ይበላል" ይላል፤ እስቲ ይምጣና ያንን ፍሬን ረግጦ ይዋል!

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የፌሮ እስር ወደ ላይ ሳወጣ፣ ከአራት ኪሎ በኩል የአጃቢ ሞተር ብስክሌቶች ድምፅ ተሰማ። ሠራተኞቹ ባሬላቸውን አስቀምጠው ባሉበት አጎነበሱ። ያሉበት ደግሞ ልክ ከፌሮው ሥር! በእጅ ምልክት እየሰጠ የሚመራኝ ወዳጄ፣ የወልቂጤ ሰው ነው፣ እሱም ባርኔጣውን አውልቆ አብሯቸው አጎነበሰ። ያለ እሱ ምልክት የክሬኑን ክንድ ላዙር ብል በወዲያ በኩል ማን እንዳለ አይታየኝም።

"ኧረ ከሥሩ ውጡ!" ብዬ ጮህኩ። ቀና ያለ የለም።

ቀና ያለው የመንገዱ ፖሊስ ነው። "አንተ! ጃንሆይ እየመጡ ትቀመጣለህ? ውረድ!"

"አልወርድም! እግሬ ፍሬን ላይ ነው!"

"ውረድ ብያለሁ!"

"ብወርድ ሰው ይሞታል! አልወርድም!"

ፈርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ከፖሊሱ ይበልጥ ያስፈራኝ የወዳጄ መላጣ ነው፤ ፌሮው ልክ ከበላዩ ተንጠልጥሏል። መኪናው አለፈ፣ ሰውም ቀና ብሎ ተበተነ። ሸክሙን ቀስ አድርጌ መሬት አስነካሁና ያን ጊዜ ወረድኩ። ፖሊሱ አንገቴን ይዞ ጣቢያ ወሰደኝ።

የጣቢያው ሹም፣ "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ሲባል አልሰማህም?" አለኝ።

"ጌታዬ፣ ንጉሥ አልከሰስኩም። ሰማዩን ግን ሳርስ ነው የምውለው።"

በጥፊ አጮለኝ። ሌላ ጊዜ ጃንሆይ ሲያልፉ እወርዳለሁ ብዬ ከማልኩ እንደሚለቀኝ ነገረኝ።

"ሸክም ተንጠልጥሎ እንደማልወርድ ከሆነ እምላለሁ" አልኩት። አሳደረኝ።

በማግሥቱ ያ ወዳጄ መጥቶ ዋስ ሆነኝ። ከደገምኩት እሱም አብሮኝ እንደሚታሰር አስጠንቅቀው ለቀቁን። መንገድ ላይ ተቆጣኝ።

"አንተ ግትር፣ ለአፍህ እንኳ እሺ ብትላቸው ምናለበት?"

"መላጣህ ፊቴ ላይ ድቅን እያለብኝ እንዴት እሺ ልበል?"

ባርኔጣውን አጥብቆ ደፋና ወደ ሥራችን ሄድን።

ብዙም ሳይቆይ ሞተር ብስክሌቶቹ እንደገና ተሰሙ። በኮንክሪት የተሞላ ባልዲ አንጠልጥዬ ነበር። ፖሊሱ ያው ነው፤ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። እኔም ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ሠራተኞቹ በዚያን ቀን መጀመሪያ ከባልዲው ሥር ሮጠው ወጡ፣ ከዚያ አጎነበሱ።

ዋሴ ብቻ አላጎነበሰም። ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ጡጫውን ወደ ላይ አነሳ። በእኛ ሥራ ይህ "ያዝ፣ እንዳትነቃነቅ" ማለት ነው። ፖሊሱ ዱላውን ይዞ ወደ እሱ ገሰገሰ። መሀል ላይ ቀና ሲል ባልዲውን ከራሱ በላይ አየው፤ ወደ ኋላው አፈገፈገ።

መኪናው ከወዳጄ ጀርባ አለፈ። ጡጫው አልወረደም። እኔም እግሬን አላነሳሁም።