ለአራሷ የተሰፋ ካፖርት

በሰፈሩ «ልክ አይስቴ» ይሉታል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከሱቁና ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል በቀር መዋያ የለውም። ዘንድሮ ግን ቤቱ እንግዳ በዛበት። ሚስቱ ከቡችላነቷ ያሳደገቻት ውሻ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ማስቀመጫው ሣጥን ውስጥ ወለደች።

ያላደረገላት ነገር የለም። ውሃዋን ይቀይራል፣ ምንጣፏን እያጠበ ያነጥፋል። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ታናሽ እህቱ የሥጋ መረቅ ይዛ ስትመጣ አላለፈችውም።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ስወልድ እንኳ እንዲህ አላረስከኝም።»

«አንቺ ትናከሻለሽ፤ እሷ ጨዋ ናት» አላት።

ብርዱ ሲጠና አሳዘነችው። የሚስቱን አሮጌ ካፖርት ቆርጦ፣ ለጡቶቿ ቀዳዳ እያወጣ፣ ጀርባዋ ላይ የሚቆለፍ ልብስ ሰፋላት። ልክክ አለ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ጠዋት ምግቧን አሽትታ ፊቷን አዞረች። ቡችሎቹ ሲጠጓት አጉረመረመች። እጁን ከልብሱ ሥር ቢሰድ አንዱ ጡቷ ደንድኗል፤ እንደ ካውያ ይፋጃል። ሚስቱም ስትታመም መጀመሪያ የተወችው ምግብ ነበር። መቀሱን አስቀምጦ ሱቁን ዘጋ። እሱ እናቲቱን አቅፎ፣ እህቱ ቡችሎቹን በቅርጫት ይዛ፣ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ገሠገሡ።

ሐኪሟ ቁልፎቹን ፈታታ ልብሱን አገላበጠችው።

«ማነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አለ፤ በጭንቀቱ መሀልም ቀና ብሎ።

«ስፌቱ እንከን አይወጣለትም፣ አባባ። የሳተው ልኩ ነው እንጂ።»

እህቱ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ከደነች።

የለካት ገና እንደወለደች ነበር። ወተቷ ሲሞላ ጡቷ አበጠ፣ ቀዳዳው አነቀው፣ ወተቱም ታግዶ ጡቷ ቆሰለ። ሐኪሟ ለምታጠባ እናት የሚስማማ መድኃኒት ሰጠችው። ጡቷን በሞቀ እርጥብ ጨርቅ እንዲይዝላት፣ ቀስ ብሎ እያሸ እንዲያልባት፣ ቡችሎቹም እንዳይቧጥጧት ጥፍራቸውን ጫፍ ጫፉን እንዲቆርጥ ነገረችው። ከተንቀጠቀጠች ወይም ወተቷ መልኩን ከለወጠ ግን ሳይውል ሳያድር እንዲያመጣት አስጠነቀቀችው። ደግነቱ ቶሎ ደርሰዋል።

«ታዲያ ምን ላልብሳት?»

«ምንም። ከሥሯ ያንጥፉላት።»

ቤት ገብቶ ልብሱን ክር በክር ተረተረና ሣጥኑ ውስጥ አነጠፈው። ሐኪሟ ያዘዘችውን ሁሉ አንድም ሳያጓድል አደረገ። እህቱ ወሬውን ለሰፈሩ አድርሳለት ኖሮ፣ ደንበኛው ሁሉ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ «የእኔስ ያንቀኝ ይሆን?» እያለ ይቀልድበት ጀመር። እሱም አብሮ ሳቀ።

አንድ ጠዋት ከመረቋ ጠብታ እንኳ አላስተረፈችም። ሳህኑን ልሳ ስታበቃ በጎኗ ተጋደመች። ከቡችሎቹ ትንሹ እየተንፏቀቀ ሄዶ የታመመውን ጡት ያዘ። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ አያት። አላጉረመረመችም፤ ዓይኗን ከደነች።

ለዚያ ቀን ቀጠሮ የያዘለት ሱሪ ነበረው። የስፌት መኪናው ይንጫጫባታል ብሎ መርፌና ክር አነሣና፣ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጦ በእጁ ሰፋው።