የድብ ባሕሩ የሻይ ጋን

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ሐያት እዚህ ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ካፌ ከፈተች። የቡና ማሽኑ ከአዲስ አበባ ተጭኖ መጣ። አብሮት የመጣው ገጣጣሚ ችኩል ልጅ ነው፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ማሽኑን ሲያበራው ፍስስ አለና ከጎኑ ነጭ እንፋሎት ለቀቀ። ሐያት አጨበጨበች። እኔ ራሴን ያገኘሁት ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። "አክስቴ፣ ምን ነካሽ? ማሽን እኮ ነው" ብላ ሳቀችብኝ፤ ገጣጣሚውም አብሯት ሳቀ።

ማሽን መሆኑን መች አጣሁት። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኛም ቤት እንፋሎት የሚተነፍስ ነገር ነበር፤ የሠራውም አባቷ ሰይድ ነው። ያኔ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ገጣጣሚም መለዋወጫም አይታወቅም፤ የፈለገውን ነገር ራሱ ቀጥቅጦ፣ ራሱ በይዶ ነበር የሚያወጣው።

አባታችን እዚያው አራዳ ሻይ ቤት ነበረው። ሻዩ በቀረፋና በቅርንፉድ ወፍሮ በበራድ ይቀመጣል፤ ሰው ሲመጣ ከበራዱ ትንሽ ይቀዳና በፍል ውሃ ይሞላል። ጠዋት ጠዋት የፓስቲው ዘይትና የእርጥብ እንጨቱ ጭስ አንድ ላይ ሆኖ የሚያመጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠጣል፤ የሚለያየን ሥጋ ነው እንጂ ሻይ ማንንም አይለይም። ችግሩ ውሃው ነበር። ድስቱ ክፍት ስለሆነ እስኪፈላ ዘመን ይፈጃል፤ ፈልቶ ደግሞ ለጥቂት ሰው እንደተቀዳ ያልቃል። አባቴ እሳቱ ላይ ተደፍቶ ሲያራግብ ስለሚውል ዐይኑ ቀልቶ ነበር የሚኖረው።

ሰይድ ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። ብየዳ ቤት ተቀጥሮ በርና መስኮት ይሠራ ነበር፤ ልቡ ግን በርና መስኮት ላይ አልነበረም። ከሥራ ሲመለስ የቤታችን ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ጋን ይሥላል፤ እናታችን እያጉረመረመች ታጠፋዋለች፤ በማግስቱ አስተካክሎ እንደገና ይሥለዋል። በመጨረሻ ከተጣለ የጭነት ማኪና ላይ ወፍራም የብረት ጋን ነቀለ። ከታች ቧንቧ፣ ከላይ የሚጠብቅ ክዳን አበጀለት። ክዳኑ ላይ አጭር ቱቦ አቆመ፤ በቱቦዋ አፍ ላይ አንዲት ጣት የምታክል ብረት አስቀመጠ። እንፋሎቱ ሲበዛ ብረቷን ብድግ ያደርጋትና እያፏጨ ይወጣል፤ ሲቀንስ ተመልሳ ትቀመጣለች።

"ነፍሱ ይቺ ናት" ይለኝ ነበር። "ይቺ ከታፈነች ጋን አይደለም፣ ቦምብ ነው።"

ለእኔ ነገረኝ፤ ለአባቴ ነገረው፤ ከሰፈሩ ሰው ያልነገረው የለም።

ሻይ ቤታችን ስም አወጣ። ወሬውን ሾፌሮች ናቸው ያዳረሱት፤ እትዬ በላይነሽ ጆሮም የደረሰው በእነሱ ነው። እትዬ በላይነሽ በደባርቅ መንገድ፣ ድብ ባሕር ላይ መንገደኛ የሚያርፍበት ቤት ነበራቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በእሱ ነበር። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በብርድ ተቆራምዶ ይወርድና ሻይ ይላል፤ ውሃው ሳይፈላ ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሰውም ሳይጠጣ ይሄዳል። ጎንደር ድረስ መጥተው የእኛን ጋን ዞር ዞር ብለው አዩና "ለእኔም እንዲህ ያለ ሸጋ ሥራልኝ፣ ከዚህ የሚተልቅ" አሉት። ሰይድ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ሠርቶ፣ ራሱ ጭኖ ወስዶ ተከለላቸው። ስለ ብረቷም ታፏጫለች፣ አይፍሩ ብያቸዋለሁ ብሎ ነበር የመጣው።

በኅዳር፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ከዚያ የመጣ የአውቶቡስ ረዳት ሻይ ቤታችን ገብቶ ሰይድን ሲያየው የድብ ባሕሩ ጋንህ ጨዋ ሆነ፣ ፉጨቱን ተወ አለው፤ ደስ ይለዋል ብሎ ነው። ሰይድ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። እንዴት ተወ ብሎ ጠየቀው። እትዬ በላይነሽ ጠዋት ብረቷን በሽቦ ጠፍረው በሊጥ መረጓት፤ ዛሬ ገበያ ነውና እንፋሎቱ በከንቱ እንዳይወጣ ብለው ነው፤ ሊጡ ሲደርቅ ለከሰዓቱ አውቶቡስ ያነዱታል አለው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ቤት የአረቄ ስሙም አይነሳ። እትዬ በላይነሽ ግን ጓዳቸው ውስጥ አረቄ ያወጡ ነበር። አረቄ ማውጣት ማለት እንፋሎት መያዝ ነው፤ ከማሰሮው ወደ መቃው ሲያልፍ በስንጥቅ ካመለጠ የሄደው አረቄው ራሱ ነው። ስለዚህ የዚያ አገር ባለሙያ ሴት እንፋሎት ሲያፏጭ ከሰማች ስንጥቁን ለመድፈን እጇ በራሱ ወደ ሊጥ ይሄዳል። ከእናቷ የወረሰችው ሙያ ነው። ይህን የተረዳነው ግን በኋላ ነው፤ ያን ቀን የመሰለኝ ሴትዮዋ ያበዱ ነው።

ድብ ባሕር በስልክ የሚገኝ ሰው አልነበረም። ሰይድ እየሮጠ ወጣ፤ አባቴ በዕለቱ ስላልነበረ እኔም ቤቱን ለእናቴ ጥዬ ተከተልኩት። ጨው የጫነ ማኪና አግኝተን ተሳፈርን። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ያን ቀን ሊገድለኝ ነበር። እጁን ላነሳ ሁሉ ይቆማል፤ ጎማ ወርዶ ያያል፤ መንገድ ዳር ትኩስ ቆሎ ገዝቶ ብሉ ይለናል። ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ አጫጁ እየዘፈነ፣ የጭዱ ሽታ በመስኮት ይገባል። እንዲህ ባማረ ቀን ሰው ሊሞት ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። አንድ ዳገት ላይ አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን አለፈን። የከሰዓቱ አውቶቡስ ነው።

ስንደርስ ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ ገበያተኛው በጉን እንደያዘ ገብቷል። ጋኑ እሳት ላይ ነው፤ ድምፅ ግን የለውም። ያንን ዝምታ ዛሬም እጠላዋለሁ። ሊጡ ክዳኑ ላይ እንደ ዳቦ ቀልቶ ደርቋል፤ የብየዳው ስፌት ውሃ ያንጠባጥባል።

ሰይድ ውጡ ብሎ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ብርጭቆውን ይዞ ሻይ የሚጠብቅ መንገደኛ ምን ብሎ ይወጣል? እኔ ያንዱን ሰውዬ በግ ገመድ ቀምቼ ወደ ውጭ ጎተትኩ። ባለበጉ እየተሳደበ ተከተለኝ፤ የሌባ ነገር መስሎት ሌላውም ግር ብሎ ወጣ። የቀሩት እትዬ በላይነሽ ነበሩ።

"ምነው ልጄ፣ ገና አሁን መሞቁ" አሉት፤ ሰይድ እንጨቱን ከእሳቱ ሲጎትት አይተው።

ሊፈነዳ ነው አላቸው። አልገባቸውም። በትከሻው ገፍቶ አስወጣቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። እንጨቱን ቢያወጣም ፍሙ ከሥር ተከምሯል፤ ስፌቱ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ፍሙ እስኪበርድ የሚጠበቅበት ጊዜ አልነበረም። ኮቱን ቀኝ እጁ ላይ ጠቅልሎ ትንሽ በትንሽ ለማስተንፈስ የታችኛውን ቧንቧ ያዘ። መጀመሪያ ውሃው እንደታሰበው ወጣ። ከዚያ ቧንቧው ራሱ ተነቅሎ ሄደ።

ወንድሜ በሕመም ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤቱ ነጭ ሆነ። እንፋሎቱ ሲገፈፍ ሰይድ ተንበርክኮ እጁን ወደ ላይ ይዞታል። ጋኑ አልፈነዳም፤ ከእሱ በቀር የተነካ ሰው የለም። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ቀደው ጠቀለሉለት፤ ሲጠቀልሉም ሊጡን ነው የሚያዩት፤ ምን እንዳጠፉ አሁንም አልገባቸውም።

እጁ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀሩ። ጠመኔ አይዙም፣ መዶሻ አይጨብጡም። ብየዳ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጠረ። ሰይድ ከአባቴ ጎን ቁጭ ብሎ በግራ እጁ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ። እኔ ያን እያየሁ በሴትዮዋ ላይ የነበረኝ ጥላቻ እህል አያስበላኝም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሾፌሮቹ ነገሩን አስረድተዋቸው ይመስለኛል፣ እትዬ በላይነሽ በራችን ድረስ መጡ። ከድንጋይ ጋር ነው የመጡት፤ ይቅርታ ጠያቂ እንደሚያደርገው በትከሻቸው ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አራዳ ገበያ ሁሉ እያያቸው። እናቴ ፊቷን አዙራ ጓዳ ገባች። አባቴ ምን እንደሚል ጠፍቶት መቁጠሪያውን ይዞ ቆመ። ሰይድ ነው የወጣው።

"ያውርዱት እትዬ" አላቸው።

"እጅህን የበላሁት እኔ ነኝ" አሉት።

"አይደሉም። እርስዎ ቤት ሌላ ምን እንደሚፈላ ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት።"

በግራ እጁ ድንጋዩን ከትከሻቸው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሻይ ሰጣቸው፤ ጠጡና ሄዱ። እኔ ይቅር አላልኩም። በወንድሜም ጭምር ተናደድኩ፤ የሰው ጥፋት ወስዶ ራሱ ላይ የሚጭን ሞኝ መሰለኝ። ጋን ሠሪ የሰው ጓዳ ገብቶ ማሰሮ ሊቆጥር ነው ወይ ብዬ ብቻዬን ስሟገት ዓመታት አለፉ። እትዬ በላይነሽም እኔ ሳልታረቃቸው ሞቱ።

ያን ቀን ሐያት ካፌ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሲስቁብኝ የመጣብኝ ይህ ሁሉ ነው። ተመልሼ ገባሁ። ሐያት፣ እናትነሽ የምትባል ልጅ ከትክል ድንጋይ ከተማ አስመጥታ ለማሽኑ ቀጥራለች። ጠራኋትና እናትሽ አረቄ ያወጣሉ ወይ አልኳት። ትንሽ አፍራ አዎ አለች። እንፋሎቱ ሲያመልጥስ ምን ታደርጋላችሁ አልኳት።

"በሊጥ ነዋ የምንመርገው" አለችኝ፤ ይህ ምኑ ይጠየቃል በሚል ድምፅ።

ገጣጣሚው ሊስቅ ሲል ፊቴን አይቶ ተወው። እንፋሎቱ በየት በየት እንደሚወጣ፣ ለምን መውጣት እንዳለበት፣ ባይወጣ ምን እንደሚሆን ለእናትነሽ አንድ በአንድ እስኪነግራት ድረስ ከበሩ አላሳለፍኩትም። ተቆጥቶ ነው የሄደው፤ ይቆጣ።

ከዚያ ወደ ሰይድ ቤት ሄድኩ። አርጅቷል፤ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃል። ስለ ማሽኑ ነገርኩት፤ ስለ ልጅቷም ነገርኩት።

"ጠየቅሻት?" አለኝ።

"ጠየቅኳት።"

"ነገረችሽ?"

"ወዲያው ነው የነገረችኝ።"

የታጠፉትን ጣቶቹን በግራ እጁ ዳበሰ። ከዚያ "ይህን ያህል ቀላል ነበር?" አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።